«ሃሎ! ፊልም ላይ ነኝ!»

ስለ ሌላ ሰው ጥፋት መጻፍ ይቀላል። እኔ ግን ዛሬ በዚህ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው የራሴን ጥፋት ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ይህስ የኔም ነው» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ድካሜ ከንቱ አልቀረም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ አገርኛ ፊልም ለማየት ገባን። የአዳራሹን ስም ልተወው፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የአዳራሹ አይደለምና። ቦታው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከጎኔ ነጠላ የለበሱ፣ ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። ፊልሙ ቀስ እያለ ሄዶ ሄዶ ሰው ሁሉ ሲጠብቀው ከነበረው ቦታ ላይ ደረሰ። ከብዙ ዓመት በፊት ቤቱን ጥሎ የጠፋ አባት ካደገች ልጁ ጋር መንገድ ዳር ተገናኘ። ሁለቱም ዝም አሉ። አዳራሹም ዝም አለ። አባትየው አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል የኔ ስልክ ጮኸች።

ጮኸች ስላችሁ ዝም ብላ እንዳይመስላችሁ። ጥሪዋ ዘፈን ነው፤ ያውም የሠርግ! ከኪሴ ላወጣት ስታገል አምልጣኝ ከወንበር ሥር ወደቀች። እዚያም ሆና ትዘፍናለች። በዳበሳ አንሥቼ መዝጋት ሲገባኝ፣ ድንጋጤ ይሁን ልማድ እንጃ፣ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኳትና «ሃሎ! ፊልም ላይ ነኝ!» አልኩ። የደወለው ልጅ አልሰማኝም። «ኧረ ፊልም ላይ ነኝ እልሃለሁ!» ብዬ ደገምኩለት። ለምን ፈልጎኝ መሰላችሁ? «ቻርጀሬን የት አደረግኸው?» ለማለት ነው።

መብራት ሲበራ ያቺ ሴትዮ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠራርጋሉ። አፍሬ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ «ምን ይቅርታ አለው ልጄ፣ የሚያጋጥም ነው። ሱቄን ለልጅ ሰጥቼ እንዲህ የምወጣው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ለመሆኑ አባትየው ምን ብሏት ነው እንደዚያ ያለቀሰችው? እኔ አልሰማሁትም» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? እኔም አልሰማሁትም ነበር። ጓደኞቼን ብጠይቅ እነሱም አልሰሙም። ከኋላችን የነበሩትም አልሰሙም። አንድ ቻርጀር የሁለትና የሦስት ረድፍ ሰው ፊልም ይዞ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር ሳስብ ቆይቻለሁ። ያሰብኩትን እነሆ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። «ፊልም ቤት ስትገቡ እንደ ሐውልት ደርቃችሁ ተቀመጡ» የምል ሰው አይደለሁም። የኛ ሰው ፊልም የሚያየው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ በአፉም በእጁም ነው። ክፉው ሰው ከበር ኋላ ተደብቆ ሲጠብቅ «አትግባ! አትግባ!» እያልን እንጮኻለን። ጎበዙ ሲያሸንፍ እናጨበጭባለን። ሙሽራዋ ስትወጣ ከመሐል አንዷ እልል ትላለች። ይህ ነውር አይደለም። ቲያትሩንም ከፊልሙ በፊት የለመድነው እንዲሁ ነው፤ በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመው የሀገር ፍቅር ጀምሮ በየመድረኩ ፊት የተቀመጠው ተመልካች ሲስቅና ሲያጨበጭብ፣ ሲያዝንና ሲያንጎራጉር የኖረ ነው።

በየከተማው የነበሩትንና ያሉትን ቪዲዮ ቤቶች አስቡ። እኔ ያደግሁባት ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት፣ በር ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለባት አንዲት ቆርቆሮ ቤት ነበረች። በኛ በኩል ደግሞ ዝናቡ ዝናብ ነው። ፊልሙ መሐል ሲደርስ ዶፉ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የተዋናዩ አፍ ይከፈታል፣ ይገጠማል፣ የሚሰማ ነገር የለም። ያኔ ማን ተናደደ? ማንም። አንዱ «እንዲህ ብሎት ነው!» እያለ ከራሱ ፈጥሮ ይናገራል፣ ሌላው ይስቃል፣ ዝናቡ ሲያባራ ሁሉም ወደ ታሪኩ ይመለሳል። ማንበብ ለማይችለው ጓደኛው ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም በሹክሹክታ የሚያነብም ነበር። እሱንም «ዝም በል» ያለው አልነበረም፤ እንዲያውም ጆሮውን የሚያቀርብለት ይበዛ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በዝናብ ያልተናደደ፣ በጩኸት ያልተከፋ ተመልካች በአንዲት ስልክ ለምን ይከፋል?

እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው። ሳቁም፣ እልልታውም፣ «አትግባ!» የሚለው ጩኸትም የሚነሣው ከፊልሙ ነው። ሁላችንም አንድ ነገር እያየን ስለሆነ የአንዱ ሳቅ የሌላውን ሳቅ ይጠራል። ስልክ ግን የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው አካሉ ከኛ ጋር ተቀምጦ፣ ልቡና አፉ ሌላ ቦታ ሄዷል። ብቻውን ቢሄድ ግድ አልነበረንም፤ ሲሄድ ግን እኛንም ጎትቶ ከፊልሙ ያወጣናል። ስለዚህ ነውሩ ድምፅ ማሰማቱ አይደለም። ነውሩ ከማኅበሩ ተለይቶ መሄዱ፣ ሲሄድም የሌላውን ይዞ መሄዱ ነው።

ይህን ሚዛን ይዘን ብንዘዋወር ጥፋቱን ሁሉ ለይተን ማወቅ እንችላለን።

አንደኛው፣ እንደኔ የሚያወራው ነው። ይህ ግልጽ ስለሆነ አልመለስበትም።

ሁለተኛው፣ «እኔ ድምፅ አላሰማሁም» የሚለው ነው። ድምፁን ዘግቶ ጭኑ ላይ አድርጎ በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ይገፋል። ወንድሜ፣ ድምፅህን ዘጋህ እንጂ መብራትህን መቼ ዘጋህ? የሰው ዓይን ጨለማን በሙሉ ለመልመድ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይፈጅበታል። ዓይናችን ጨለማውን ለምዶ በተቀመጥንበት ያቺ ትንሽ መስታወት ከፊታችን ስትበራ፣ ሳንወድ ዓይናችን ወደ እሷ ይሄዳል። ባለቤቱ አንገቱን ስለደፋ አያየውም፤ ከኋላው ያለው ግን እስከ መጨረሻው ረድፍ ያየዋል። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ የራስ መብራት ሁልጊዜ ትንሽ ይመስላል።

ሦስተኛው፣ ፊልሙን በስልኩ የሚቀርፀው ነው። ይህኛው ከጨዋነት ጉድለትም ያልፋል። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አላት፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ፊልም ሠሪው ቤቱን አስይዞ፣ ተበድሮና ለምኖ የሠራውን ሥራ በስልክ ቀርፆ ማሰራጨት የሰው እህል ከጎተራ እንደ መዝገን ነው። ገበሬ የሆኑ ወላጆች ያሉን ሰዎች ይህን ለመረዳት አዋጅ ማንበብ አያስፈልገንም። የዓመት ቡናህ ሳይሸጥ ሌሊት ሰው ቢለቅመው ምን ትላለህ?

አራተኛው፣ ስልክ የሌለበት ጥፋት ነው። ፊልሙን ቀድሞ ያየውና «አሁን ይሞታል እኮ! ወንድሙ ነው የሚገድለው!» የሚለን ሰው። እሱም ከማኅበሩ ተለይቷል፤ እኛ ገና ያልደረስንበት ቦታ ሄዶ ቆሞ ይጠራናል። ዘግይቶ ገብቶ በስልኩ ባትሪ የሰውን ፊት እያበራ ጓደኞቹን የሚፈልገውም፣ የፊቱን ወንበር በጉልበቱ የሚደልቀውም ከዚሁ ወገን ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ዝምታ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ፊልሙ ውስጥ ሰው የማይናገርበትን ጊዜ እንደ ዕረፍት እንቆጥረዋለን። «አሁን ምንም የለም» ብለን ስልካችንን የምናወጣው ያን ጊዜ ነው። ዝምታው ግን የፊልሙ አካል ነው። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል በተሸለመው በዚህ ሥራ፣ ከባሕር ማዶ ተጎድቶ ወደ ጣና ዳር መንደሩ የተመለሰው ምሁር ሕመሙ የሚታየን ከሚናገረው ይልቅ ዝም ሲል ነው። እዚያ ዝምታ ላይ የሠርግ ዘፈን ቢደወል ምን ይተርፋል?

እውነት ለመናገር ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳካፍል አንዱ በጣም ተቆጣኝ። «አንተ ቤተሰቦችህ ከተማ ናቸው፤ ለመናገር ይቀልሃል» አለኝ። «የኔ እናት ቡሌ ገጠር ናት። ስልክ የላትም። አንድ ነገር ሲሆን ጎረቤት ለምና ኔትወርክ ወዳለበት ዳገት ወጥታ ነው የምትደውልልኝ። ያን ጊዜ ካላነሣሁ ሁለተኛ አታገኘኝም። እና ፊልም ላይ ነኝ ብዬ ስልኬን ልዝጋ?»

ይህ ቀልድ አይደለም፤ ለኛ አካባቢ ሰው በተለይ ቀልድ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል፣ ስንቱ ሰው ነው ስልኩን በእጁ ይዞ ያደረው! «እናቴ የት ገባች? ወንድሜ አለ ወይ?» ለሚል ሰው የስልክ ጥሪ የነፍስ ጉዳይ ነበር። ያን ጊዜ ያለፈ ሰው ስልኩን ከአጠገቡ ለማራቅ ቢፈራ አልፈርድበትም። ስለዚህ «ስልክ በር ላይ ይቀመጥ» የሚሉትን ሰዎች አልደግፍም።

ነገር ግን ጓደኛዬን እንዲህ ብዬ መለስኩለት። «እናትህ ስትደውል በእውነቱ ጨለማ ውስጥ አጎንብሰህ፣ በሹክሹክታ፣ ሃምሳ ሰው እየገላመጠህ ልታነጋግራት ትፈልጋለህ? እናትህ ዳገት ወጥታ የደወለችልህ በግማሽ ጆሮ እንድትሰማት ነው?» ዝም አለ። መፍትሔው ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ሥጋት ያለበት ሰው ከዳር፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ። ስልኩን በንዝረት አድርጎ ኪሱ ይክተት። ሲጠራ ቃል ሳይተነፍስ ይውጣ፤ ውጭ ሆኖ በሙሉ ልቡ ያነጋግር። ይህ ሲሆን ለእናቱም ክብር ነው፣ ለተመልካቹም ክብር ነው። የኔ ቻርጀር ግን ዳገት አልወጣም ነበር!

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት እንደሆነ ብንመለከት፣ በሰለጠኑት አገሮችም ያው ነው። አሜሪካኖች ፊልም ማየት በጀመሩበት ዘመን የተመልካቹ ስሞታ የሴቶች ባርኔጣ ነበር። ትልልቅ ባርኔጣ ያደረጉ ወይዛዝርት የኋላውን ሰው እየጋረዱ ስላስቸገሩ ከፊልሙ በፊት «እባካችሁ ባርኔጣ አውልቁ» የሚል ጽሑፍ በሸራው ላይ ይታይ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016፣ ኤኤምሲ የተባለው ትልቅ የሲኒማ ቤቶች ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ወጣቱን ለመሳብ በአንዳንድ አዳራሾች በስልክ መልእክት መጻጻፍ እንዲፈቀድ ሐሳብ አቀረቡ። ሕዝቡ በጩኸት ተነሣባቸው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሐሳቡ ተሠረዘ። ልብ በሉ፣ «አይሆንም» ያለው መንግሥት ወይም ፖሊስ አልነበረም፤ ትኬት ቆራጩ ተመልካች ራሱ ነው።

በኛ አገር አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር ሰምታችኋል። ስልክም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲገባ፣ ሰው ሳይታይ ድምፁ በሽቦ የሚመጣበት ነገር የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ያሉ ነበሩ ይባላል። ሁለቱም ሰይጣን ሆነው አልተገኙም። ሁለቱ «ሰይጣኖች» አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲገናኙ ነው እንጂ ጉድ የሚፈላው!

ደግሞስ እኛ ለዚህ ነገር ከውጭ አገር ትምህርት መበደር አለብን ወይ? በዚህ በጌዴኦ ምድር ሶንጎ አለ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጉዳይ የሚሰሙበት፣ የተጣላ የሚያስታርቁበት፣ ስለ አገር የሚመክሩበት ሸንጎ ነው። በእንዲህ ያለ ሸንጎ ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ዳኝነቱ የሚያምረው ሽማግሌው ብዙ በማውራቱ ሳይሆን ሁሉም አንድን ነገር በአንድ ላይ በመስማቱ ነው። አንዱ ሽማግሌ በነገሩ መሐል ተነሥቶ ስለ ጠፋች በጉ ቢጮኽ ምን ይባል ነበር? ፊልም ቤቱም የአሁኑ ዘመን መሰብሰቢያ ነው። ያውም እርስ በርስ የማይተዋወቅ ሰው፣ ከወናጎ የመጣው ከይርጋጨፌ ከመጣው ጎን፣ ባለሱቋ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ ለሁለት ሰዓት በአንድ ነገር የሚስቅበትና የሚያዝንበት። ሁሉም በየስልኩ ብቻውን በሚያይበት በዛሬው ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ ስንት ቀረልን? ስለዚህ ነው ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም የምለው። ሰው «ቤቴ ተኝቼ በስልኬ ባየው ይሻላል» ብሎ መምጣቱን ካቆመ አዳራሹ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ የሚከፍተው የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ይህን ግድግዳ የምናነበው ነገ መምህራን የምንሆን ሰዎች ነን። ሃምሳና ስልሳ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ቆመን «ልጆች፣ ስሙ!» እንላለን። ልጁ ምን እንደሚያስተውል ታውቃላችሁ? የምንለውን ሳይሆን የምናደርገውን ነው። በልምምድ ትምህርት ላይ እያለን ስልክ ሲጠራ ጠመኔውን ጥሎ «አንድ ጊዜ ልጆች» ብሎ የሚወጣ ሰው አላየንም? አዳራሽ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ስልኩን መግዛት ያልቻለ ሰው የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜን እንዴት ይገዛል? መስማትን ያልለመደ ሰውስ መስማትን እንዴት ያስተምራል? ይህ ለሌላ ሳይሆን ለራሴ ያቀረብኩት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያሳፈረኝ ለኔ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ/ ፊልምም ሆነ ቲያትር በቡድን ስንሄድ ከመግባታችን በፊት በር ላይ ቆመን ስልካችንን በአንድ ላይ እንዝጋ፤ ወይም በንዝረት እናድርግ። አንዱ ለሌላው ያስታውስ። ብቻውን የሚረሳ በማኅበር አይረሳም።

2ኛ/ የቤተሰብ ሥጋት ያለበት ጓደኛችን የዳር ወንበር እንልቀቅለት። ሲወጣም አንገላምጠው።

3ኛ/ አጠገባችን ሰው ሲያወራ በሌላ ጩኸት አንመልስ። «ዝም በል እንጂ!» እያሉ ከአራት ማዕዘን መጮኽ ከስልኩ የባሰ ረብሻ ነው። ትከሻውን ነካ አድርጎ «ወንድሜ፣ እባክህ» ማለት ይበቃል። ጠና ያለ ሰው ከሆነም «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አልሰማ አለን» ብንል የሚቀየመን የለም።

4ኛ/ ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች ደግሞ ከመጀመሩ በፊት በአማርኛም በጌዴኦኛም አንድ አጭር ማሳሰቢያ ቢናገሩ መልካም ነው። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሰው አያነብም፤ የተነገረውን ግን ይሰማል።

5ኛ/ እኛም በልምምድ ክፍላችን የልጆቹን ፊልም ወይም ተረት ማሳያ ሰዓት ስናዘጋጅ፣ መሳቅና ማጨብጨብን አንከልክል። «አብረን እንሳቅ፣ አብረን እንስማ» ብለን እንጀምር። ሕፃኑ ሥርዓትን በፍርሃት ሳይሆን በደስታ ይማረዋል።

ውድ አንባብያን፣ ጽሑፌን የምደመድመው በዚያችው ቅዳሜ ነው። ፊልሙን እንደገና ልየው ብዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብመለስ በሌላ ተተክቷል። ያቺን ሴትዮም ሁለተኛ አላገኘኋቸውም። ያ አባት፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ መንገድ ዳር ቆማ ለምታየው ልጁ ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸውም አያውቁም። ከእናንተ መካከል ያን ዕለት ከዳር ተቀምጦ የሰማ ሰው ካለ ይንገረኝ። ባለሱቋን የትም ፈልጌ አግኝቼ እነግራቸዋለሁ።

ቻርጀሩ ግን ተገኝቷል። አልጋ ሥር ነበር።

ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ